ባዶ አይደለም

መምህር ሥዩም የማይታየውን ሲያስረዳ የሚታየውን የሚረሳ ሰው ነበር። ከሸዋ ወደ ነጌሌ ተዛውሮ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በ1963 ዓ.ም. በልግ፣ ከአዲስ አበባ የተላከለት የሳይንስ መጽሔት ልቡን ሰረቀው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ባልደረባውን አዳነን ይዞ ይለፈልፋል።

"ሁለት መስተዋት ፊት ለፊት አቁም። አየሩን መጥጠህ አውጣ፣ ብርሃኑን ከልክል። በመካከላቸው ምን ቀረ?"

"ባዶ ነዋ።"

"ያ ባዶ የምትለው እኮ አንዳፍታ አያርፍም፤ ይርገበገባል! መስተዋቶቹ በጣም ሲቀራረቡ ርግብግቡን ይለውጡታል፤ እዚያ የገባ አቶምም ጠባዩ እንደ ውጭው አይሆንም፤ ብርሃን የሚሰጥበት ፍጥነት እንኳ ይለወጣል።"

ይኼኔ የሰፈሩ ዘበኛ ኦቦ ጉራቻ እያለከለኩ በሩ ላይ ደረሱ።

"መምህር፣ በዴ! በዴ!"

በዴ በኦሮምኛ ጠፋች ማለት ነው። ሥዩም ግን የሰማው የራሱን ሐሳብ ነበር።

"ባዶ አይደለም፣ ኦቦ ጉራቻ! አንቱም እንደ አዳነ?"

"አይደለም? እርግጥ?"

"እንዴታ!"

"ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን!" ብለው ሽማግሌው ወደመጡበት ሮጡ። ሥዩም ሳቀ። "አየህ፣ ለሳቸው እንኳ ገባቸው" አለ።

የሦስት ዓመት ልጁ ወርቅውሃ ከጠፋች ሰዓት አልፏት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ ብቻ አልሰማም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ሲሄድ ባለሱቋ ሸምሳ ከደጇ ሆና ጠራችው።

"እንኳን ተገኘችላችሁ!"

"ማን?"

"ልጃችሁ ናታ! ጠፍታ ስትፈለግ አልነበር?" አለች ሸምሳ። ሥዩም መጽሔቱን ጥሎ ሮጠ። ሚስቱ ሐረገወይን በር ላይ ቆማ ከኋላው ልጅቱን በዓይኗ ፈለገች። ኦቦ ጉራቻ "አልጠፋችም፣ አባቷ ዘንድ ናት" ብለዋት ፈላጊው ሁሉ ተበትኖ ነበር።

ከጓሮው ማዶ፣ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ዝናብ አቁሯል። ወርቅውሃን ከዚያ አወጧት። ትንፋሿ ቆሟል፤ ሰውነቷ ግን ገና አልቀዘቀዘም።

ኦቦ ጉራቻ ደረታቸውን እየደቁ "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

"የለም" አለ ሥዩም፤ "አንቱ ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያልሰማሁ።"

ሐረገወይን ልጇን እንዳቀፈች ቀና አለች። በጥሪ የሰለለ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም።

"ስሟን እየተጣራሁ ነበር፣ ሥዩም። ዝም ያልኩት ካንተ ጋር ናት ስባል ነው።"