ጣት ያልረሳው

ስልኩ ሲጮህ ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ያለው ቁጥር ዘጠና አራት ከመቶ ደርሶ ነበር። ሊቁ ከቁጥሩ ላይ ዐይኑን አልነቀለም።

«ኧረ አንሳው!» አለች አክስቱ ከሶፋው ላይ። ጉልበቷ አብጦ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላለች። ያ ባይሆን ኖሮ ጎህ ሲቀድ ባሏን ሆዳቸውን ቆርጧቸው ሆስፒታል ሲወስዷቸው ማን እቤት ያስቀራት ነበር?

ሊቁ የቤት ስሙ ነው። ባሕር ማዶ ዘጠኝ ዓመት ተምሮ ሲመለስ የአክስቱ ልጅ ቀጮ ያወጣችለት ስም ሲሆን ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ሽሙጥ ነው። ከተመለሰ አራት ወሩ ነው። ሥራ ገና አላገኘም፣ እጁ ደግሞ አርፎ መቀመጥ አያውቅም። የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀብቷል፣ ደህናውን ቧንቧ ፈትቶ ገጥሞ እንዲያንጠባጥብ አድርጓል። መመለሱ ስሕተት ይሆን እንዴ የሚለው ሐሳብ የሚተወው አንድ ነገር ሲፈታ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋትም የሆስፒታሉን ወሬ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሲያቅተው፣ ሳምንት ሙሉ አክስቱን ሲነዘንዛት የሰነበተውን ነገር አስፈቀዳት፤ የአሮጌ ላፕቶፗን ሲስተም አጥፍቶ በአዲስ ሊቀይር።

«የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከተዉት ስንት ዓመቱ» ብሏት ነበር። «በር እንደሌለው ቤት ነው፣ አክስቴ። ማንም ሰተት ብሎ ይገባበታል።»

«ገብቶስ ምን ሊወስድ? የጋሼህን የደም ግፊት?»

«የጻፍሽውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ። አንዲት ፋይል አትጎድልም።»

«ብቻ ሊያጠራ ሄዶ አደፈረሰ እንዳትባል» ብላ ነበር የፈቀደችለት።

አሁን ስልኩን አነሳና ድምፁን ከፈተው። ቀጮ ናት፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እማዬ፣ የአባዬ አንጀት ታጥፏል አሉ። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። የማደንዘዣ ባለሙያዋ የምትጠይቅሽ አለ። ስልኩን ስጪኝ ብላለች፣ ልስጣት።»

ሌላ ድምፅ መጣ፤ የተረጋጋ፣ ግን የቸኮለ። «እናቴ፣ ባለቤትዎ ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ሲወስዱ ችግር ገጥሟቸው ነበር ወይ?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ። የኩላሊት ጠጠር ሲያወጡለት። መተንፈስ አቅቶት ማሽን ሲተነፍስለት ዋለ። ሁለት መድኃኒት ነበር የወጉት፤ ጥፋቱ ከሁለቱ የአንዱ ነው አሉ።»

«የትኛው? ስሙን ያስታውሳሉ?»

«ጽፌዋለሁ!» አለች አክስቱ፣ ፊቷ በራ። «ሐኪሙ የሰጠኝን ወረቀት ምንም ሳላስቀር ላፕቶፔ ላይ ገልብጬዋለሁ።»

«ወረቀቱስ?»

«ጣሪያው አፍስሶ በላው።»

ቀጮ ከኋላ ጮኸች፤ «ያ ሆስፒታልም ተዘግቷል። ሊቁ፣ ቶሎ ክፈትላት!»

«እኔ ጋ ያለው መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው፣ እናቴ» አለች ባለሙያዋ። «በግምት አልወጋም። ግን አንጀታቸውም አይጠብቀኝም። አሥር ደቂቃ ልስጥዎ። ስልኩን አይዝጉት።»

ቁጥሩ መቶ ሞላ። አዲሱ ሲስተም ሰማያዊ ሆኖ ተከፈተ፤ የሚያምር፣ ንጹሕ፣ ባዶ። ሊቁ ፍላሹን ሰካ። ፋይሉ እዚያው ነው፤ ስሙም፣ ክብደቱም፣ አንድ መቶ ዐሥራ ሁለቱም ገጹ። ከፈተው።

ገጹን የሞላው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ሰረዝ፣ የጥያቄ ምልክት፣ እንደገና ቅንፍ ነው፤ ዶሮ አመድ ላይ የጫረችው ይመስላል። ሳይለወጡ የቀሩት ቁጥሮች ብቻ ናቸው።

«አገኘኸው?» አለች አክስቱ።

ሊቁ ምን እንደሠራ ገብቶታል። አክስቱ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት። የጽሕፈት መኪናው ወደ ኮምፒውተር ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ የሰጣት አንድ አሮጌ የፊደል ፕሮግራም ነበር፣ ጡረታ ስትወጣም ይዛው ወጣች። በዚያ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ፊደሉን አይዝም። የሚይዘው የተመታውን ቁልፍ ነው። ቁልፉን ወደ ፊደል የሚለውጠው ያ ፕሮግራም ከአሮጌው ሲስተም ጋር ነበር የሚኖረው። ሊቁም ቤቱን ሲጠርግ አብሮ ጠረገው። የትም ትምህርት ቤት ይህን አልነገሩትም፤ እሱ በተማረበት አገር ፊደልና ቁልፍ አንድ ናቸው።

«ጠፋ» አለ በመጨረሻ። «ማለቴ… አለ። ግን አይነበብም።»

«ዛሬ?» ቀጮ ስልኩ ውስጥ ፈነዳች። «ከቀን ሁሉ ዛሬ? አባቴ እዚህ ኦፕራሲዮን ሊሆን ተኝቶ አንተ ያልታመመ ላፕቶፕ ኦፕራሲዮን ታደርጋለህ? ሊቁ ያልኩህ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ!»

በራሱ ስልክ ፕሮግራሙን ፈለገ። የሠሪዎቹ ገጽ ሞቷል። ስሙ የሚመሳሰል ሌላ አገኘ፤ አወረደ፣ ላፕቶፑ ላይ ጫነ። ቅንፎቹ ወደ ፊደል ተለወጡ፤ ግን ሰው የማይናገረው ቋንቋ ሆኑ። ሁለተኛ ሞከረ። ያው ነው።

«አክስቴ፣ አስታውሺ። አንድ ስም ብቻ ነው።»

«ጸሐፊ የጻፈውን አያስታውስም» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «በዐይን ይገባል፣ በጣት ይወጣል፤ መሀል ላይ ጎራ አይልም። ስንት ነፍሰ ገዳይ ያስፈረድኩት አንዱንም ሳላውቀው ነው።»

«ሰባት ደቂቃ ቀረን» አለች ባለሙያዋ።

አክስቱ እግሯን ከትራሱ አወረደች። ሕመሙ ፊቷን አጨማደደው፣ ግን እየጎተተች ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ከጎኑ ተቀመጠች። ስክሪኑን አየችና ወዲያው ተወችው። የእንግሊዝኛ ፊደል ለእሷ የሽቦ አጥር ነው። ቁልፎቹ ላይ የነበረው ጽሑፍም ተፍቆ ካለቀ ዓመታት ሆኖታል፤ አንድ ቀን አይታው አታውቅም።

«ይሄ እዚህ የሚታየው» አለች፣ «እኔ የመታሁት ቁልፍ ነው አላልክም?»

«ነው።»

«እንግዲያው የፊደሉ ስም ምን ያደርግልኛል? የትኛው ጣት እንደመታው ንገረኝ።»

ሊቁ ዞሮ አያት። አክስቱ ዐይኗን ጨፍና ዐሥሩንም ጣቶቿን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አሳርፋለች፤ አንጓዎቿ ቆልመም ብለው፣ አውራ ጣቶቿ ጎን ለጎን። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነበር የተቀመጠችው።

«ጣቶቼ ያረፉበት ረድፍ ቤት ነው። ከሱ በላይ ላይ፣ ከሱ በታች ታች። ጣቴን ንካና ረድፉን በለኝ። ሌባ ጣቴ ወደ ውስጥ ከገባች ግባ በል። በርታ!»

ወደ ፋይሉ አርእስት ተመለሰ። የመጀመሪያው ፊደል ከቁልፎቹ መሀል የት እንደሚገኝ ያውቃል። የቀኝ መሀል ጣቷን ነካ። «ላይ።»

ጣቷ ብቻዋን ዘለለች። «የ።»

የግራ ትንሿን ነካ። «ታች።» «በ።» ቀለበት ጣት። «ቤት።» «ባ ሆነ።» ሌባ ጣት። «ላይ፣ ግባ።» «ለ… የባለቤቴ!» አክስቱ ዐይኗን ሳትገልጥ ጮኸች። «የባለቤቴ የጤና መዝገብ! እኔው ነኝ የጻፍኩት!»

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለች ቀጮ።

«ዝም በይ፣ ቀጮ! ጠጠሩ የወጣለትን ቀን ፈልግ፤ ሦስተኛው ወር፣ አሥራ ሰባት።»

ቁጥሮቹ እንዳሉ ነበሩና ሊቁ ገጹን አገኘው። አንቀጹ ሦስት መስመር ነው። ጀመሩ። ላይ፣ ታች፣ ቤት፣ ግባ። እሱ ይነካል፣ እሷ ትናገራለች። አንዴ ተሳሳተና በቀኙ ፈንታ ግራውን ነካ፤ ጣቷ ልክ ትኩስ ብረት እንደነካ ሰው ተመለሰች። «አይደለም። እንዲህ ብዬ አልጽፍም። ደግመህ እይ።» ደግሞ አየ። እውነቷን ነበር።

«…ለማደንዘዝ… የተሰጠው… ሁለተኛው… መርፌ…» ከዚያ ቆመች። «ሱ።» ነካ። «ክ።» ነካ። «ሳ… ሜ…» ዐይኗን ገለጠች። «ይሄ ቃል አይደለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሱክሳሜ ብሎ ነገር የለም። ጣቴ ቀባጠረ። ከመቼ ጀምሮ እንደተሳሳትኩ እኔ ምን አውቃለሁ?» እጇን ከጠረጴዛው አነሳች። ሊቁ ስክሪኑን አየ፣ ጣቶቿን አየ። እሱም ቃሉን አያውቀውም። ምናልባት እስካሁን ሁለቱም የሚያነቡት የሚፈልጉትን ይሆናል።

«እናቴ» አለች ባለሙያዋ፣ በጣም በቀስታ። «እዚያ ላይ አይቁሙ። እኔ ገምቼ አልጨርስልዎትም። ቀጣዩን ይንገሩኝ።»

አክስቱ ዐይኗን ጨፈነች። ሊቁ ያነሳችውን እጇን በመዳፉ ጫን አድርጎ መልሶ አሳረፈው፣ ከዚያ ነካ። «ቤት። ላይ። ታች፣ ግባ።»

«ቶ… ኒ… የ… ም።»

«ሱክሳሜቶኒየም» አለች ባለሙያዋ። «ጥፋተኛው ነው ወይስ ደህናው? የሚቀጥለውን አንብቡልኝ። ቶሎ።»

ከእንግዲህ ሊቁ ጣቱን ለማንሳት ጊዜ አልነበረውም፤ እሷም ለመጠራጠር። «ከተወጋ… በኋላ… አምስት ሰዓት… በራሱ… አልተነፈሰም። ሁለተኛ… እንዳይሰጠው።»

ብረት ትሪ ላይ አንድ ነገር ሲቀመጥ ተሰማ።

«እናቴ፣ ቀድቼ በእጄ የያዝኩት እሱን ነበር» አለች ባለሙያዋ። «በሌላው እናስተኛቸዋለን።» ስልኩ ተዘጋ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጠበቁ። ሊቁ ውኃ አመጣላት፤ አልጠጣችውም። ይቅርታ ሊላት ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ። በሦስተኛው «ቁጭ በል፣ ደህና ነህ» አለችው፤ ያን ጊዜ ግን ጣቶቿ ገና ከጠረጴዛው ላይ አልተነሡም ነበር።

ስልኩ ሲጮህ ሁለቱም እኩል ዘለሉ።

«ነቃ!» ቀጮ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። «በራሱ እየተነፈሰ ነው። ጫማዬን የት አደረጋችሁት ብሎ ነርሷን እየተቆጣ ነው። ሊቁ አለ?»

«አለሁ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ብሎን መፍቻ እጅህ ላይ እንዳላይ።»

አክስቱ ሳቀች፤ ሳቋ መጨረሻው ላይ ወደ ልቅሶ ሄደና ተመለሰ። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ከመሳቢያው ወፍራም ደብተርና እስክሪብቶ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ነው» አለች።

«ነገ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ፈልጌ ፕሮግራሙን አገኝ ይሆናል፣ አክስቴ። አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«ይሆናል» አለች። ዐይኗን ጨፍና እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «ባይገኝስ? እስከዚያ ጻፍ። ከመጀመሪያው ገጽ።»

ሊቁ በግራ እጁ እስክሪብቶውን ያዘ፤ ግራኝ ነው። በቀኙ ጣቷን ነካ።

«ላይ» አለ።