የወንድምየው ማንኪያ

«ተነሺ፣ ዕቃሽን ያዢ» አላት ታላቅ ወንድሟ፣ የስፌት ቤቱን በር ገና ሳይዘጋ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። መርፌው ኮሌታው መሃል ላይ ቆመ። አሰሪዋ ጥጉ ጋ ሻይዋን እያማሰለች ቀና ብላ አየቻቸው።

«ወዴት?»

«እኔ ቤት ነዋ። ሠራተኛዋ ጥላን ሄደች፣ ሚስቴ ቢሮ ትውላለች፣ ልጆቹን ማን ያብላ? ደግሞ ላንቺው ብዬ ነው፣ እታለም። ይሄ ሁሉ ጥድፊያ ለበሽታሽ አይሆንም።»

ለእሷው! የሚጥል በሽታዋ ትዝ የሚለው ሞግዚት ሲያጣ ነው።

«አልመጣም» ልትል አፏን ስትከፍት እጁን አነሳ። «እህ! እንዳትናደጂ፤ ይነሳብሻል።»

ይቺን ቃል እየሰማች ነው ያደገችው። ልጅ ሆነው አሻንጉሊቷን ሲነጥቃት፣ ደብተሯን ሲቀድባት፣ እናትየው የምትቆጣው እሷን ነበር፤ «ዝም በይ፣ ይነሳብሻል» እያለች። አባትየው ደግሞ ገና ስታለቅስ ጫማውን አጥልቆ ውልቅ ነው። እሷም ዝም ትል ነበር። ዝምታው በሽታውን አላስቀረላትም፤ ወንድሟን ብቻ አሰባው። ስትናደድ ቁልፍ መቁጠር ለመደች፤ የራሷን ቀሚስ፣ የሰው ሸሚዝ፣ ያገኘችውን። አርባ ስትደርስ ንዴቱ ያልፍላታል፤ እሱም የፈለገውን ይዞ ይሄዳል።

አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ቁልፎች መቁጠር ጀመረች። ሰባት ላይ ተወችው።

«ስማ ጋሼ፣ ልጆቹን የወለድካቸው አንተ...» ቃሏ ተቆረጠ። ከወንበሩ ተንሸራታ ወደቀች።

«ማንኪያ! ማንኪያ!» ከአሰሪዋ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያውን መንጭቆ ወደ አፏ ሲሮጥ አሰሪዋ እጁን መታችው።

«ሾርባ ልታጠጣት ነው? ያቺን የፊት ጥርሷን በዚሁ ሙያህ አይደል የሰበርከው? ዞር በል!»

ሴትዮዋ በሽታውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች፤ ልጅቷ ራሷ ነግራት ነው የተቀጠረችው። በጎኗ አስተኛቻት፣ የታጠፈ ዩኒፎርም ከራሷ ስር አደረገችላትና ሰዓቷን አየች። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የልጆች አባት የሆነው ትልቅ ሰውዬ ግን ግድግዳ ተደግፎ፣ ላቡ አንገቱ ላይ እየወረደ፣ ማንኪያዋን እንደ ጦር ጨብጦ ቆሟል።

ከቆይታ በኋላ ዐይኗን ገለጠች። ጨርቁን፣ መኪናውን፣ ሴትዮዋን ቀስ በቀስ ለየች።

«አየሽ? አላልኩሽም?» አለ ወንድምየው። «ተናደድሽና መጣ!»

«ባልናደድስ መቼ ቀርቶልኝ ያውቃል?» አለች፣ ምላሷ ገና እየከበዳት። «ምን እያልኩት ነበር፣ እትዬ?»

«ልጆቹን የወለድካቸው አንተ ነህ ልትይው ነበር» አለቻት አሰሪዋ።

«እሱን ነው።» በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ኮሌታውን ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ፤ ትንሽ አርፌ እጨርሰዋለሁ።»

«እኔስ?» አለ ወንድሟ።

እሱን አላየችውም። «ማንኪያውን አይቀበሉት፣ እትዬ። ይዞት ይሂድ፤ ልጆቹን ያብላበት።»