ቀዛፊው ይቀራል

ልጅቷ የምትሠራው ከሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቪዲዮ ጌም ለሚያመርት ድርጅት ተቀጥራ ለተጫዋቾች ጥያቄ መልስ ትሰጣለች። አዲሱ ጌም ገና ለገበያ አልወጣም፤ ሰው እንዲሞክረውና እንዲጓጓ ግን አንድ ቁራጭ በነፃ ተለቆ ነበር። እናቷ ያንን ቁራጭ «ቅምሻው» ትለዋለች።

በቅምሻው ውስጥ ተጫዋቹ መንገደኛ ሆኖ ወንዝ ዳር ይደርሳል። ዓይነ ስውር ጀልባ ቀዛፊ ተቀብሎ ያሻግረዋል። «ከብደሃል፤ ጓዝ ነው ወይስ ኃጢአት?» እያለ ያላግጥበታል። ሰዉ ዋናውን ጀግና ረስቶ በዚህ ሽማግሌ ፍቅር ወደቀ። «በሙሉው ጌም አብሮን ይጓዛል አይደል?» የሚል ጥያቄ ጎረፈ።

እናቲቱ ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ፣ በስተርጅና ነው። ከጎልማሶች ትምህርት ቤት ስትመለስ ወንበር ስባ ከልጇ ጎን ትቀመጥና ስክሪኑ ላይ ትለማመዳለች።

«ጉ... ጉ... ት። ጉጉት?»

«የአንዱ ተጫዋች ስም ነው፣ እማዬ።»

«ወፏ ናት ወይስ መጓጓቱ?»

«ሁለቱም መሰለኝ። እንቅልፍ የሚባል አያውቅም።»

ጉጉት «ቀዛፊው ከሌለ ወንዙን በዋና ነው የምሻገረው፤ ብሰጥም በእናንተ!» ብሎ ጽፏል። እናቲቱ ፊደል በፊደል ለቅማ ስትጨርስ ከት ብላ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም። ቀዛፊው በጊዜ ተሠርቶ ስላላለቀ ከሙሉው ጌም እንደተሰረዘ ጠዋት ነግረዋታል።

ቀዛፊው እንደማይኖር ከነምክንያቱ ዘርዝራ ረዘም ያለ ማብራሪያ ጻፈችና ለአለቃዋ ላከች። ወዲያው ደወለ።

«‹አይኖርም› ምንድን ነው? ሰው ልታስደነግጪ ነው እንዴ? ዝርዝሩን አውጪው። ‹ቀዛፊው ይቀራል› በይ፤ ለስለስ ይላል። ከሥሩ ‹ስለ ፍቅራችሁ እናመሰግናለን›። በቃ!»

እንዳላት አደረገች። እንደ ሁልጊዜው ስሟና ፎቶዋ ከመልእክቱ አናት ላይ ነበሩ።

እናቲቱ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ቀዛ... ፊው... ይቀ... ራል። እሰይ! እንኳን ደስ አላቸው!»

«ምኑ ነው እሰይ? ይቀራል እኮ ነው ያልኩት።»

«እኔስ ምን አልኩ? ሌላው ቢሄድ እሱ አይሄድም። ይቀራል።»

ልጅቷ ደነገጠች። ከሥር የመጡትን መልሶች ማየት ጀመረች። ጉጉት ቀድሟል፤ «ተባረኪ! አሁኑኑ ከፍዬ አዝዣለሁ፤ ለወንድሜም ጨምሬ!» ይላል። ሌሎቹም እንደዚያው። ሰው ሁሉ ያነበበው እንደ እናቷ ነው።

ለአለቃዋ ደወለች።

«በተቃራኒው ነው የተረዱት። ላርመው።»

«ዋሽተናል?»

«አልዋሸንም፤ ግን...»

«እንግዲያው ምኑን ነው የምታርሚው? ሰው ደስ ያለውን ካነበበ እኛ ምን እናድርግ? እንዳትነኪው።»

ስልኩ ተዘጋ። ልጅቷ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች።

«ራሴ ብጽፈውስ? አንድ መስመር ናት።»

እናቲቱ እጇን ያዘቻት። ልጇ ይህን ሥራ ከማግኘቷ በፊት ስንት በር እንዳንኳኳች፣ ስንቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች አልረሳችውም።

«ተይ ልጄ። እምቢ ያለው እሱ ነው፤ እሱ ይጠየቅበት።»

«ስሙ እኮ የኔ ነው።»

«ሥራውም ያንቺ ነው። በሞቴ፣ ተይው!»

ልጅቷ እናቷን ትክ ብላ አየቻትና ኮምፒውተሩን ከደነችው።

ጌሙ ሲወጣ ወንዙ ነበረ። ጀልባዋም ዳር ላይ ታስራ ነበረች። ቀዛፊ የለም።

የዚያን ቀን መልእክቱ ማቆሚያ አጣ። ልጅቷ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞረችው። «ምን ይላሉ?» ስትባል «ሰላምታ ነው» ትላለች። ፊቷን ልትታጠብ ስትነሳ እናቲቱ መልሳ አዞረችው።

የልጇን ፎቶ ቆርጠው ባዶዋ ጀልባ ላይ አስቀምጠውታል፤ ሁለቱንም ዓይኖቿን በጥቁር ደፍነዋቸዋል። ከሥሩ ጉጉት የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው። እናቲቱ ጣቷን አላነሳችም፣ በአፏም አልቆጠረችም። ውሸታም። ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ባንድ እይታ ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«ማን አዙሪው አለሽ?» አለች ልጅቷ ፊቷን ሳትጠርግ በሩ ላይ ቆማ።

«ሰላምታ ነው አላልሽም?»

«እንኳን ረጃጅሞቹን አላነበብሽ።»

ስልኩ ጮኸ። የአለቃዋ ድምፅ ከወትሮው ለስልሷል።

«ሰዉ ባንቺ ተቆጥቷል። ስህተቱ የመልስ ሰጪያችን ነው ብለን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ሌላ ምን ይባላል? ሰኞ ቡድኑ የሚቀጥለውን ጌም ይጀምራል። አንቺ ትቀሪያለሽ።»

እናቲቱ ሰምታለች። የቱ መቅረት እንደሆነ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

«ያኔ ልትጽፊው የነበረውን» አለች፣ ኮምፒውተሩን ወደ ልጇ እየገፋች፣ «አሁን ጻፊው።»

«ማን ሊያምነኝ?»

«ጻፊው ብቻ። እኔ ነኝ የከለከልኩሽ።»

ልጅቷ ተቀመጠች። የሚስጥር ቁልፏን አስገባች። ደግማ አስገባች። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«መግ... ባት... አይ...» ብላ ጀመረች እናቲቱ፤ ከዚያ ጣቷን ሰበሰበች።