ባዶዋ ቱቦ

የቤተ ሙከራው ምድጃ ሰባት መቶ ዲግሪ ላይ ደርሶ ረግቷል። ውስጡ ያለችው ቀጭን የብረት ቱቦ ባዶ ናት፤ ጋዝ ከሚቀይረው ዱቄት ቅንጣት አልተጨመረባትም። ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንዱ ጫፍ እንደገቡ ሳይለወጡ በሌላው መውጣት ነበረባቸው። ስክሪኑ ላይ ግን ሚቴን ሲሰበር የሚወጣው የሃይድሮጅን መስመር ቀና ማለት ጀመረ።

ተማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የዶክትሬት ጥናቷን ፈታኞች ፊት ለማቅረብ የቀራት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። እናቷ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ መጥታ ከጠዋት ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ቦታ ይዛለች።

አራት ዓመት የለፋችው ኒኬልንና ኮባልትን አስማምታ ለማኖር ነው። ኒኬል ለብቻው ጎበዝ ነው፤ ሚቴንን ሰብሮ ነዳጅም ማዳበሪያም የሚሆን ጋዝ ያወጣል። ምን ያደርጋል፣ በሁለት ቀን ጥላሸት ለብሶ ይደክማል። ኮባልት ሲጨመርበት ጥላሸቱ ይራገፍለታል። የቤተ ሙከራው ሰዎች ዱቄቱን «ባልና ሚስቱ»፣ እሷን ደግሞ «አስታራቂዋ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። የመጨረሻው ናሙና ሁለት መቶ ሰዓት ሳይደክም ከመቶ ሚቴን ሰማንያ ስምንቱን ቀየረ። ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ምሳ መብላት ረስታ ነበር።

የዛሬውን ሙከራ የቆሰቆሱት የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ናቸው። ኪሳቸው ብሎን ስለማያጣ «ጋሼ ብሎን» ይባላሉ። ትናንት ምድጃውን ሲወለውሉ፣ ቱቦዋን ባዶዋን የሞከረቻት መቼ እንደሆነ ጠየቋት። በመጀመሪያው ዓመት፣ ቱቦዋ ገና አዲስ ሳለች፣ ብላ መለሰች። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ አርባ ናሙና እንዳለፈባት ብቻ ተናግረው ሥራቸውን ቀጠሉ። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። አዲስ ቱቦ ታዞ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ፣ እየቦረሸች ያችኑ ትጠቀም ነበር። ኒኬሉ ግን በዚያ ሙቀት ግድግዳዋ ውስጥ ሰርጎ ከቀረ ብሩሽ አያወጣውም።

ቁጥሩ ወጣ፤ ሠላሳ አንድ። ያለ ምንም ዱቄት፣ ከመቶው ሚቴን ሠላሳ አንዱን የቱቦዋ ግድግዳ ራሱ ቀይሮታል። ከሰማንያ ስምንቱ ስንቱ የባልና ሚስቱ ሥራ እንደሆነ እንግዲህ ማንም አያውቅም። በአዲስ ቱቦ ይደገም ቢባል አንድ ዓመት ይበላል።

ጋሼ ብሎን ከኋላዋ ቆመው አይተዋል።

«አላየሁም በሉ ካልሽኝ፣ ልጄ፣ አላየሁም» አሉ ቀስ ብለው።

ዋሽተው የሚያውቁ ሰው አይደሉም። እንባዋን ያመጣው ይኸው ነው። ፊቷን በጋዋኗ እጅጌ ጠርጋ ለጥናት አማካሪዋ ደወለችና ያየችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አማካሪዋ በዚሁ ውጤት በሚመጣው ወር ትልቅ ጉባኤ ላይ ሊናገሩ ተጋብዘዋል።

«ይህን ማን ያውቃል?» አሉ በስልኩ።

ጋሼ ብሎን ጀርባቸውን ሰጥተው የጋዙን ቁልፍ ያጠብቃሉ።

«አሁን እርስዎ» አለች። «ከሰዓት ደግሞ ፈታኞቹ።»

ስልኩን ሳትዘጋ፣ ሠላሳ አንድ የሚለውን ቁጥር ከሰዓት በምታቀርበው ጥናት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፈችው።