ከጉበን እስከ ቁርጭምጭሚት

ቢቸና ውስጥ የሽታሁንን ጎርፍ ያልሰማ ሰው ካለ፣ ገና አልተወለደም ማለት ነው። ከሦስት ክረምት በፊት ሰማዩ ተቀደደ፤ አንዱ ጠብታ ብቻውን ጣሳ ይሞላ ነበር። ሽታሁን በየለቅሶውና በየሠርጉ ሲያወራው፣ ውሃው ከወገብ ወደ አንገት እያደገ ሄዶ ሄዶ የቤቱ በር ጉበን ላይ ደረሰ። እዚያም በቀይ ቀለም መስመር አሰመረለትና «ጎርፉ እዚህ ደርሷል» ብሎ ጻፈበት። አገር እየመጣ አየለት።

ዘንድሮ ያንኑ ቤት መሸጥ ግድ ሆነ። ሚስቱ ውቢት መምህርት ናት፤ ወደ ሞጣ ተዛውራ ዳገቱ ላይ ቤት አግኝታለች። «እስከ እሑድ ሁለት ሚሊዮን ይዘህ ካልመጣህ ለሌላ ይሸጡታል» ብላዋለች።

ገዢዋ እትዬ ፋንታነሽ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቤቱን መጋዘን ሊያደርጉት አስበዋል። ከደላላው ከታዘበው ጋር መጥተው መስመሩን ቀና ብለው አዩት።

«አንድ ሚሊዮን።»

«ኧረ እትዬ፣ ቦታው ብቻውን—»

«ጤፌ ዋና አይችልም።»

ሽታሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «መስመሩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ሳሰምር መሰላል ላይ ነበርኩ። ውሃው እስከ ወገብ ነው።»

«ሁለት መቶ ሺህ ልጨምር።»

«እንዲያውም ጉልበት።»

«አንድ ሚሊዮን ተኩል።»

«በሬ በዋና አወጣሁ ስትል አልነበር?» አለ ታዘበው።

«በሬው ተኝቶ ነበር።» ሽታሁን አጥሩ ላይ የተደገፉትን ጎረቤቶች ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁርጭምጭሚት።»

«እሱስ ከጆንያው ሥር በሚነጠፍ የእንጨት ርብራብ ይመለሳል። አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ።»

ከዚያ እትዬ ፋንታነሽ ጓዳ ዘለቁ። የሽታሁን እናት በጭቃና በጭድ የሠሯት ጎታ፣ የአርባ ዓመት ጎታ፣ እንደ ቆመች ናት። ጎንበስ ብለው ግርጌዋን ዳሰሱ። ያልተተኮሰ ጭቃ ውሃ ከነካው ባንድ ቀን ይናዳል።

«አንተ፣ ጠብታም አልገባም። እኔ ጎታዋን አየሁ፤ ገበሬው ግን ያንተን ወሬ ሰምቷል፣ እህሉን እዚህ አምኖ አያራግፍም። ውጣና በሰው ፊት ‹ውሃ አልገባም› በል፤ ድፍን ሁለት ሚሊዮን እሰጥሃለሁ።»

ሽታሁን ወጣ። አጥሩ ላይ ቢቸና በሙሉ ተንጠላጥሏል። የሚጠበቅበት ሁለት ቃል ነው። አፉን ከፈተ፤ ቀይዋን መስመር አያት፤ አፉን ገጠመ። እንደገና ከፈተ።

«ቁርጭምጭሚት ደርሷል» አለ። «ከዚያ በታች አልወርድም።»

ማታ ለውቢት ደወለላት።

«መቶ ሺህ ጎደለ? ምን ወሰደው?»

«ጎርፉ።»

«እንግዲህ የዳገቱ ቤት ቀረ። በዚህ ገንዘብ የሚገኘው እታች ቦዩ ዳር ያለው ነው። እሱን ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይገባዋል አሉ።»

«ይገባዋል?» አለ ሽታሁን፤ ድምፁ ባንዴ ነቃ። «እስከ የት?»

ከመልሷ በፊት የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣ ከሚጫነው ዕቃ አናት ላይ አስቀምጦት ነበር።