በተከለለው ተራራ ላይ የተገኘችው ዶሮ

«ለቀበሌያችን ሕዝብ በሙሉ! እንስሳ እንዳይረግጠው በተከለለው ተራራ ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ ከአሥራ አንድ ጫጩቶቿ ጋር ስትንሸራሸር ስለተገኘች፣ የሴፍቲኔት ሠራተኛ ሁሉ አካፋውን አስቀምጦ ዋርካው ሥር እንዲሰበሰብ ታዟል!»

አዋጁን ያነበበው የተራራው ዘበኛ ካሳው ነው። ወረቀት አልነበረውም፤ መዳፉን እያየ ነው ያነበበው። አካፋ ማስቀመጥ የሚጠላ ስለሌለ ሁላችንም መጣን።

ዶሮዋ የጋሽ ሙህዬ እንደሆነች የማያውቅ የለም። ችግሩ፣ ከሁለት ወር በፊት የሴፍቲኔቱ ንብረት ቆጣሪ ቤት ለቤት ሲመዘግብ ጋሽ ሙህዬ «ዶሮ የለኝም» ብለው ፈርመዋል። ያን ሰሞን ማንም ምንም አልነበረውም፤ የሰፈሩ ፍየል በሙሉ ወንዝ ማዶ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነበር። ንብረት ያፈራ ከሴፍቲኔት ይመረቃል፣ የተመረቀ የእርዳታ ስንዴው ይቆምበታል። ቆጣሪው ደግሞ ዓርብ ይመለሳል። አሥራ ሁለት ዶሮ ካገኘ፣ ባለ ስድስት ነፍሱ የጋሽ ሙህዬ ቤተሰብ ከመዝገብ መሰረዙ ነው።

ሊቀመንበሯ እትዬ ደብሬ ድንጋይ ላይ ለችሎት ተሰየሙ።

«ሙህዬ፣ ይቺ ዶሮ ያንተ ናት?»

«ትመስላለች።»

«ምኗ?»

«አመሏ።»

ወደ ካሳው ዞሩ። «ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ስትኖር አንተ የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ! ሳሩ ደረቴ ይደርሳል እኮ፣ እትዬ! እርከኑን ሳንክበው በፊት ቢሆን አይጥ ስትሮጥ ከደጄ ሆኜ አያት ነበር። አሁን እንኳን ዶሮ፣ እኔም ራሴ ጠፍቼ አውቃለሁ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አምስት ዓመት ድንጋይ ስንሸከም እንዲህ አድርጎ ያመሰገነን የለም።

ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ የተራራውን ክልከላ ደንብ እንዳነብ ታዘዝኩ። በሬ፣ ላም፣ አህያ፣ በግ፣ ፍየል ይላል። ግመል እንኳ አለበት፤ ዶሮ ግን የለም።

«እንግዲያው ቅጣት የለም» አሉ እትዬ ደብሬ። የጋሽ ሙህዬ ፊት ግን አልተፈታም፤ ዓርብ ቆጣሪው አለ።

«ከተራራው የሚታጨደው ሳር የማነው?» ሲሉ ጠየቁ ሊቀመንበሯ።

«የሁላችን!»

«እንዴት እንካፈላለን?»

«እኩል!»

«እዚያው ሳር ውስጥ የተፈለፈለ ጫጩትስ?»

እንደዚያን ቀን ቶሎ የገባን ስብሰባ የለም። ከጋሽ ሙህዬ ሌላ በሥራ ቡድናችን አሥራ አንድ ቤት አለ፤ ለየቤቱ አንዳንድ ጫጩት ደረሰ። እናቲቱ ለባለቤቷ ተመለሰች። በአንዲት ዶሮ የተመረቀ ሰው አይተን አናውቅም። የጋሽ ሙህዬ ሚስት እልልታዋን አቀለጠችው፣ እሳቸውም እንደ ሙሽራ ፈገግ አሉ።

ካሳው ብቻ አልተዋጠለትም።

«ዙሪያውን የእሾህ አጥር ነው፤ ዳገቱ ጉልበት ይጨርሳል። ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ያን ሁሉ አትወጣም። ጋሽ ሙህዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ማን አወጣት?»

ጋሽ ሙህዬ ዶሮዋን ብብታቸው ሥር አጥብቀው ያዟት።

«አልናገርም።»