ሚስቴ አይደለችም

«ጠበቃዋ፣ እስቲ ስኳሩን ወዲህ በይው!»

ኩዊንተር ጠበቃ አይደለችም። የሕግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ይህንን ግን ለቅሶ ቤቱ ከደረሰች ጀምሮ አሥር ጊዜ አስረድታ ስለታከታት ስኳሩን አቀበለች።

በሟቿ እናት፣ በማማ ፊልጎና ግቢ፣ ድንኳኑ ሥር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ በወተት ይጠጣል፣ ዳቦ ይገመጣል፣ ይለቀሳል። የሟቿ የአሞንዲ አስከሬን ግን ኪሱሙ ከተማ፣ ሬሳ ማቆያ ቤት ነው። የት እንደምትቀበር አልተቆረጠም። ያላስቆረጠውም ሰውዬ ከፊት ረድፍ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ መሐረብ ይዞ ተቀምጧል። ኦጎላ ይባላል። ባሏ ነው። የአሞንዲን ግራ ክንድና ሁለት ጥርሶች የሰበረውም እሱ ነው።

«ሚስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት» ይላል፣ የገባ ሰው ሁሉ እጁን ሲጨብጠው። «በግቢዬ ነው የማሳርፋት።»

ሰዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የጥሎሽ ከብት የተነዳላት ሴት በባሏ ግቢ ትቀበራለች፤ በሉኦ አገር ይህ እንደ ዝናብ ነው፣ ማንም አይከራከረውም።

«አዲሷ ሚስቱ ናት የላከችው» አለች አንዷ ጎረቤት፣ ብርጭቆ እያጠበች፣ ለኩዊንተር ጆሮ ብቻ። «የፊተኛዋ በወጉ ካልተቀበረች መንፈሷ ይመጣብኛል፣ እግሬን ግቢህ አላስገባም ብላዋለች። አንቺ ፍቅር መስሎሽ ነው?»

ፌስቶ ደግሞ አለ። የሥነ ልቦና ተማሪና የኩዊንተር የበጎ ፈቃድ ባልደረባ ነው። ከማማ ፊልጎና እግር ሥር ተንበርክኮ፣ በሁለት ቀን ሥልጠና ባገኛት ለስላሳ ድምፅ፣ «ማማ፣ ሐዘንዎን እሰማዋለሁ» አላቸው።

«እንዴት አትሰማ ልጄ፣ አፌ ሥር ተቀምጠህ?»

ኩዊንተር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አሞንዲ እናቷን ነበር የወጣችው።

አሞንዲ ተማሪዎቹ ጋ መጀመሪያ የመጣችው ክንዷን በኩታ አንጠልጥላ ነበር። የተማሪዎቹ «የሴቶች የምክርና የሕግ ድጋፍ ማዕከል» ማለት ዩኒቨርሲቲው የተሰበሩ ወንበሮች የሚያከማችበት ክፍል ነው፤ ከወንበሮቹ ደህና ደህናውን መርጠው ተቀመጡ። ኩዊንተር ከወረቀቱ አነበበች፦ «ይህ ድርጊት ምን ዓይነት ስሜት ፈጠረብሽ?»

አሞንዲ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። «ክንዴ ሲሰበር? ደስታ።» ከዚያ፣ «ከናንተ ያገባ አለ?»

የለም።

«በሉ እናንተ ጻፉ፤ እኔ አስተምራችኋለሁ።»

ክሱን ሁለት ጊዜ አነሣችው። ሁለት ጊዜ ወደ ኦጎላ ተመለሰች። በሦስተኛው ስትመጣ ኩዊንተር ፊቷን አጠቆረች። አሞንዲም ተቀምጣ፣ «መዝገቡን እንደገና ክፈችው» አለች። «አትቆጪኝ ብቻ። ቁጣ ቤቴም አለ።»

ያን ጊዜ ለመጨረሻ ወጣች። ገበያ ላይ ደረቅ ዓሣ መሸጥ ጀመረች። ተማሪዎቹ ኦጎላ ቀለብ እንዲሰፍርላት ከሰሱት፤ ተረቱ። ኦጎላ ፍርድ ቤት ቀርቦ በእጁ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ፤ ቃሉንም በጽሑፍ ፈረመ፦ ሚስቴ አይደለችም፣ አግብቻት አላውቅም፣ ከብትም አልነዳሁላትም፣ ቤቴ በእንግድነት ነው የተቀመጠችው። የጋብቻ ወረቀት አልነበራትም። ኩዊንተር ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አሞንዲ የተጠበሰ በቆሎ ገዝታ አመጣችላት።

«ስምንት ዓመት ፍታኝ ብዬ የለመንኩት ሰው ዛሬ በአንድ ወረቀት ፈታኝ። አንቺን ምን ያስለቅስሻል?»

ከዓመት በኋላ፣ በዝናብ፣ የተሳፈረችበት ሞተር ብስክሌት ተንሸራተተ። ይኸው ነው። ከኦጎላ ያመለጠች ሴት ከጭቃ አላመለጠችም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ኩዊንተር መዝገቧን ይዛ ቆመችና ኦጎላ ከአሞንዲ አንድ መቶ ሜትር እንዲርቅ የሚያዘውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አነበበች። የጎሣው አንጋፋ አባባ ዛካዮ በትዕግሥት አዳመጧት።

«ልጄ፣ ሬሳ ይደበደባል?»

መምህሯ ጋ ደወለች። «ትእዛዙ በሞቷ ቀርቷል» አሏት። «ራስሽን ተንከባከቢ። ውሃ ጠጪ።»

ውሃ! ኩዊንተር ስልኩን ዘጋች። መዝገቡን በንዴት ስታገላብጥ ያ የጠላችው ወረቀት፣ ያሸነፋቸው የኦጎላ የመሐላ ወረቀት ወጣ። ደግማ አላሰበችም፤ በሉኦኛ፣ ጮክ ብላ፣ ከኦጎላ ስምና ፊርማ ጋር አነበበችው።

አባባ ዛካዮ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ከብቶቹን እኔው ነኝ የተቀበልኩት» አሉ በዝግታ። «ኦጎላ፣ ይህን ብለሃል?»

«ያማ የፍርድ ቤት ነገር ነው፣ አባባ! ጠበቃው ጻፈልኝ!»

«ምለሃል ወይ?»

«... ምያለሁ።»

«በሐሰት ከማልክ እርግማንህን ተሸክመህ መቃብሯ ላይ አትቆምም። በእውነት ከማልክ ሚስት የለህም። አንዱን ምረጥ፤ ሻያችን እየቀዘቀዘ ነው።»

ኦጎላ ወደ ሰዉ ዞረ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። መሐረቡን ኪሱ ከቶ ወጣ፤ ሲወጣ ከትሪው ላይ አንድ ዳቦ አነሣ።

ኩዊንተር ገና እፎይ ስትል አባባ ዛካዮ ቀጠሉ፦ «እንግዲህ በሰውዬው አፍ ባል የላትም። ባል የሌላት ሴት ልጅ ደግሞ በአባቷ አጥር ውስጥ አትቀበርም። ከአጥሩ ውጭ ነው።»

«ከአጥሩ ውጭ?!» ኩዊንተር ጮኸች። «እንደ ማን? ምን ስላደረገች? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ...»

«ተይ ልጄ» አሉ ማማ ፊልጎና። «ዛካዮ፣ ከአጥሩ ውጭ የት ጋ?»

አባባ ዛካዮ በበትራቸው ከቅንጭቡ አጥር ማዶ፣ ስድስት እርምጃ ራቅ ያለ ቦታ አሳዩ።

«ይሁን፣ እዚያው ትረፍ» አሉ ማማ ፊልጎና። ተነሡ፣ መቆፈሪያ አመጡ፣ ወደ አጥሩ ሄደው የመጀመሪያውን ቅንጭብ ከሥሩ ይነቅሉት ጀመር።

«ፊልጎና! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ግቢው ጠቦኛል። አጥሩን ከመቃብሩ ቦታ ማዶ ልተክለው ነው። ክልክል ነው?»

አባባ ዛካዮ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ክልክል መሆኑን የሰማ ሽማግሌ አልነበረም። «ሻይ የለም ወይ?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ኩዊንተር መዝገቡን ወንበር ላይ ጣለችና ወደ አጥሩ ሄደች። ፌስቶ ተከተላት፤ እጅጌውን ሰበሰበ። እየነቀሉ፣ ከስድስቱ እርምጃ አልፈው ተከሉ። የቅንጭቡ ወተት ጣቶቿ ላይ ነጭ ሆኖ ተጣበቀ።

«ዓይንሽን በእጅሽ እንዳትነኪ፣ ያሳውራል» አሉ ማማ ፊልጎና።

ኩዊንተር ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘርግታ ቆመች። እንባዋ አገጯ ድረስ ወረደ፤ መጥረግ አልቻለችም። ማማ ፊልጎና አዩዋት፣ ቀርበው በክንዳቸው ፊቷን አበሱላት፣ ከዚያም ቀጣዩን ቅንጭብ አቀበሏት።